ከታሪኩ በፊት ካሴቱ

የጠፋ አልበም ተገኘ ሲባል ከሙዚቃው ቀድሞ የሚደርሰን ወሬው ነው። የኃይሉ መርጊያም ነገር እንዲሁ ሆኗል። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ተሻገረና እዚያው ቀረ፤ በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን «ሸሞንሟናዬ» የተባለ ካሴት ቀረጸ፤ ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ዓመታት አለፉ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንኑ ሥራ ባሕር ዳር አግኝቶት በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በሚባለው አሳታሚው በኩል ዳግም አወጣው። ከዚያ ወዲህ ስለ «ሸሞንሟናዬ» ከተጻፈው አብዛኛው በታክሲው ይጀምራል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ታክሲው ስለ አኮርዲዮኑ አንድም ነገር አይነግረንም። ጥሩ ሥራን ከመካከለኛው መለየት የሚሻ አድማጭ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት የአገኛኘቱን ታሪክ ለጊዜው ወደ ጎን ማኖር ነው፤ ካሴቱ ያለ ታሪኩ መቆም ካልቻለ ታሪኩ አያቆመውም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ዞምቢስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1967 አብዛኛውን በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ የቀረጸው አልበም በ1968 ሲወጣ ባንዱ ፈርሶ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ከአልበሙ አንዱ ዘፈን አሜሪካ ውስጥ ገነነ፤ አልበሙ ራሱ ግን ተገቢውን ስም ያገኘው አሥርት ዓመታት ቆይቶ ነው። የስልሳዎቹን የእንግሊዝ ሳይኬደሊክ ፖፕ የሚያድኑ ሰብሳቢዎች ከዚያ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ የተረሱ ሸክላዎችን አውጥተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የተረሱት መረሳት ስለሚገባቸው ነበር። የዞምቢስን ሥራ የለየው ብርቅ መሆኑ ሳይሆን የድምፆቹ አደራደርና የዜማዎቹ ጥንካሬ ነው። ብርቅነት የሸክላውን ዋጋ ያንር ይሆናል፤ የዜማውን አያንርም።

ታዲያ «ሸሞንሟናዬ» በምን ይለካ? እዚህ ላይ የጎጃም መግቢያ የሆነችው የደጀን ከተማ አድማጭ ከበርሊኑ ወይም ከኒው ዮርኩ የተሻለ ቦታ ላይ ነው። ያ ካሴት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር ሲደርስ ጎሃ ጽዮን ላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ጨርሶ ደጀን ላይ እንደወጣ መገመት አያስቸግርም፤ የካሴት ዘመን ሙዚቃ ወደ ጎጃም የገባው በዚሁ መንገድ በአውቶቡሶች ቴፕ እየተጫወተ ነው። አልበሙ በአብዛኛው የሚመላለሰው አገሬው ከነግጥማቸው በሚያውቃቸው ዜማዎች ላይ ነው፤ «አምባሰል» አለ፣ «ሽለላ» አለ። ግጥም የለም፤ የዘፋኙን ቦታ የያዘው አኮርዲዮን ነው። የውጭው አድማጭ የሚሰማው ደስ የሚል ዜማ ነው፤ እኛ ግን ቃሉን ስለምናውቅ መሣሪያው ቃሉን ተሸክሞ እንደሆነ ወይ ኖታዎቹን ብቻ ለቅሞ እንደሆነ መለየት እንችላለን። የመጀመሪያውና ትልቁ መለኪያ ይህ ነው። ዘፋኝ አንድን ቃል የሚጎትትበት፣ ስንኝ ከመድፋቱ በፊት ድምፁን የሚሰብርበት ቦታ አለ። አኮርዲዮን ደግሞ እንደ ማሲንቆ ከድምፅ ወደ ድምፅ አይንሸራተትም፤ ቁልፎቹ ቋሚ ናቸው፣ ቅኝቱም በአውሮፓ ስሌት የተከፋፈለ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች መንሸራተቱን በሌላ ነገር መተካት ግድ ይለዋል። ኃይሉ የሚተካው ከዋናው ድምፅ በፊት በፍጥነት በምትነካ አጎራባች ድምፅና በወናፉ ግፊት ነው። አምባሰል ቅኝት ውስጥ ግማሽ እርምጃ ብቻ የሚራራቁ ድምፆች ስላሉ ይህ ዘዴ እዚያ ሲሠራ ጎልቶ ይሰማል፤ ጣት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ጆሮ የተንሸራተተ ይመስለዋል።

ወናፉን በቅርብ ማድመጥ ያስፈልጋል። አኮርዲዮን የሚተነፍስ መሣሪያ ነው፤ ክንዱ ሲከፍት አንድ አቅጣጫ፣ ሲዘጋ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፤ አቅጣጫው በሚለወጥበት ቅጽበት ድምፁ ለአፍታ ይሳሳል ወይም ይቆረጣል። ደካማ ተጫዋች ወናፉ ሲያልቅበት ይገለብጣል፤ ስለዚህ መቆራረጡ በሐረጉ መካከል፣ አንዳንዴም በሚዘፈነው ቃል እምብርት ላይ ይወድቃል። ጥሩው ግን ዘፋኝ በሚተነፍስበት ቦታ፣ ስንኙ ሲደፋ ይገለብጣል። ማንም ሰው ቃሉን በሆዱ እየዘፈነ፣ ድምፁ የሚሳሳበትን ቦታ እየለየ ይህን መፈተን ይችላል። «ሸሞንሟናዬ»ን በዚህ ዘዴ ለሚያዳምጥ ወናፉ ከስንኙ ጋር ሲገጥም ይሰማል፤ ሥራውን የማከብረውም ከምንም በላይ በዚህ ነው። ባለሙያው ቃሉን ቢተወውም ትንፋሹን አልተወም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሳው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ከበሮው ማሽን ነው፣ አንዱን ምት ያለ ድካም ይደጋግማል፣ ችክችካን የሚያህል የሚወዛወዝ ምት በማሽን ሲመታ ይደርቃል የሚል። እውነት አለበት። ማሽኑ ደረቅ ነው፤ ቦታ ቦታ ላይ ከዜማው ጋር ከመጓዝ ይልቅ ዜማውን ሲያስጠብቀው ይሰማል፤ ይህን የአልበሙ ድክመት ብሎ መመዝገብ ተገቢ ነው። «መደጋገም» የሚለው ክስ ግን ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው። ከደጀን ብዙ ሳይርቁ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ አሉ፤ የምሥራቅ ጎጃም የአብነት ትምህርት አንጋፋ ደብሮች ናቸው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በሁለቱም ተምረዋል። በቤተ ክርስቲያኑ አቋቋም አንዱ ዜማ በቁም ይባላል፣ በዝማሜ ይደገማል፣ በመረግድ ከበሮ ይገባበታል፣ በጽፋት በጭብጨባ ይፈጥናል። ዜማው ያው ነው፤ ሊቁ የሚመዘነው በመድገሙ ሳይሆን በእያንዳንዱ መመለሻ በሚጨምረው ነገር ነው። በዚህ ሚዛን ኃይሉም ይመዘን፤ ዜማው ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ጌጡ ተለውጧል ወይ? ሮድሱ የሚመልሰው መልስ ያው ነው ወይስ ሌላ? ማሽኑ ሳይለወጥ አኮርዲዮኑ ከምቱ ጥቂት ወደ ኋላ ሲል፣ ከዚያ ሲደርስበት የሚሰማ ከሆነ ሕይወቱ እዚያ ነው፤ እንዲያውም የማሽኑ ግትርነት ያን መዘግየት አጉልቶ ያሳየዋል። የማይነቃነቅ ነገር ከሌለ የተነቃነቀው አይታይም።

«ሽለላ» ግን ለየት ያለ ፈተና ነው። ሽለላ የጀግና ድምፅ ነው፤ ምቱ በፉከራው ትንፋሽ ይለጠጣል እንጂ በሰዓት አይቆጠርም። በሠርግና በለቅሶ ሽለላ ሲሰማ ያደገ የጎጃም ሰው በቁልፍ መሣሪያ የተሠራውን በቀላሉ አያልፈውም፤ አለማለፉም ልክ ነው። በእኔ ግምት መሣሪያ ሽለላን ሙሉ በሙሉ ሊተካ አይችልም፤ የኃይሉም ሙከራ ከአልበሙ ምርጡ ሳይሆን ደፋሩ ነው።

የካሴት ሥራን ለሚመዝን ሰው አንድ የጥንቃቄ ነገር አለ፤ የቴፑን ጥፋት ለተጫዋቹ እንዳይሰጥ። አኮርዲዮን ለአንድ ድምፅ ሁለት ወይም ሦስት ምላስ ሊኖረው ይችላል፤ ሆን ተብለው በጥቂቱ ሲዛነፉ ድምፁ ይርገበገባል፤ ይህ የመሣሪያው ጠባይ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት ሲቀዳ የኖረ ቴፕም ይርገበገባል። ለመለየት ሌሎቹን መሣሪያዎች ማዳመጥ ነው። ሮድሱና ሲንተሳይዘሩ ጸንተው አኮርዲዮኑ ብቻ ከተርገበገበ ምላሱ ነው፤ ሁሉም አብረው ከዋለሉ ቴፑ ነው። ቅጂ በቅጂ ላይ ሲጨመር ደግሞ ቀጫጭኑ ድምፅ ቀድሞ ይጠፋል፤ ከበሮ ማሽኑ ታፍኖ፣ አኮርዲዮኑ ጌጦቹን ተነጥቆ ይቀራል። በተበላሸ ቅጂ ላይ የተሰጠ ፍርድ የሥራው ፍርድ አይደለም።

የመጨረሻው ተቃውሞ በከተማም በገጠርም የሚሰማው ነው፤ ፈረንጅ ስላጨበጨበ እንጂ እኛ መች ረሳነው፣ መችስ አስታወስነው የሚል። ግማሹ ልክ ነው። ባሕር ዳር የተገኘ ካሴት ለባሕር ዳር ሰው የጠፋ አልነበረም። የቆየ የኢትዮጵያ ሙዚቃን ዳግም የሚያሳትመው የፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ ከ1997 ጀምሮ በተከታታይ ሲወጣም የድምፃውያኑ የጥላሁን፣ የማሕሙድ፣ የዓለማየሁ ዘፈኖች በየቤቱ ነበሩ። ነገር ግን ከውጭ የመጣ ጭብጨባ ሥራውን ጥሩ እንደማያደርገው ሁሉ መጥፎም አያደርገውም። የሚሻለው ሥራውን ከራሱ ሥራዎች ጎን ማስቀመጥ ነው። በ1977 ዋሊያሶች ያወጡት «ቼ በለው» ላይ የግርማ በየነ ፒያኖ፣ የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ በእንግድነትም የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን አለ፤ ኃይሉ እዚያ በጓዶቹ መካከል ነው፣ ሲደክመው ሌላው ይረከበዋል። በ2018 ያወጣው «ላላ በሉ» ላይ ቶኒ በክ ከበሮ፣ ማይክ ማይኮቭስኪ ቤዝ ይጫወታሉ፤ ምቱ ሕያው ነው፣ ማሽኑ ላይ የነበረው ድርቀት የለም። ሁለቱም በአጠቃላይ ድምፃቸው ከ1985ቱ ካሴት ይበልጣሉ። አኮርዲዮኑ ዘፋኝ ሆኖ መቆሙን ለሚሻ ግን እኔ የምመርጠው «ሸሞንሟናዬ»ን ነው፤ እዚያ የሚረከበው ሰው ስለሌለ እያንዳንዱን ስንኝ ራሱ ጀምሮ ራሱ መድፋት ነበረበት።