ሰርጥና ሰላጤ፦ በባሕር ጉዞና በባሕር ካርታ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ የሙያ ቃል ብቁ መሆኑ የሚታወቀው ነገሩን በዓይኑ አይቶ ለማያውቅ ሰው ትክክለኛ ሥዕል ሲሰጥ ነው። በዚህ መመዘኛ የባሕር ቃላትን ለመፈተን ከወደብ ይልቅ ደጋው ይመረጣል። ስለዚህ በምዕራብ ሐረርጌ የዳሮ ለቡ ወረዳ ከተማ የሆነችውን መቻራን የፈተናው ቦታ አድርገን እንወስዳለን።

መቻራ ከባሕር ብትርቅም ከባሕር ጉዳይ የተለየች አይደለችም። እንደ አቸሬና ሩኪሳ ያሉት የአካባቢዋ ዋሻዎች የተፈለፈሉበት የኖራ ድንጋይ፣ ጁራሲክ በሚባለው የምድር ዘመን ባሕር አገሩን ሸፍኖ ሳለ የተነጠፈ ነው። የዛሬው ኑሮም ከባሕር ጋር የተሳሰረ ነው፤ የሐረርጌ ቡና ወደ ውጭ አገር የሚሻገረው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነውና። ይሁን እንጂ ለመቻራ ተማሪ ወይም ነጋዴ ባሕሩ የሚደርሰው በቃል ነው። ቃሉ ከተዛባ ባሕሩም ይዛባበታል።

መዛባቱ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ሰርጥ፣ ባሕረ ሰላጤና ወሽመጥ በተባሉት ሦስት ቃላት ላይ ነው። ኢራንንና የዓረብን ምድር የሚለየውን ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አንዱ ጸሐፊ «የሆርሙዝ ሰርጥ»፣ ሁለተኛው «የሆርሙዝ ወሽመጥ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «የሆርሙዝ ባሕረ ሰላጤ» ይለዋል። የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ግን ከዚያው መተላለፊያ ቀጥሎ የተንጣለለ ሌላ ውኃ ነው። በዚህ አጠቃቀም በሩና አዳራሹ በአንድ ስም ተጠሩ ማለት ነው።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል የቡናውን መንገድ እንከተል። የጅቡቲ ወደብ የሚገኘው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ይህም ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይከፈታል። ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄድ መርከብ ከዚህ ተነሥቶ የባብ ኤል መንደብን ሰርጥ ሳይነካ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወጣል። በስዌዝ ቦይ አድርጎ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ግን በሰርጡ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕርና በአካባቢው መርከቦች ሲጠቁ፣ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች ደቡብ አፍሪካን ዞረው መሄድን መርጠዋል። በዚያ ጊዜ «በሰርጡ ላይ አደጋ አለ» እና «በሰላጤው ላይ አደጋ አለ» የሚሉት ሁለት ዜናዎች ለጭነት ባለቤት የተለያየ ኪሣራ፣ የተለያየ ውሳኔ ነበሩ። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ጋዜጣ አንባቢውን አሳሳተ እንጂ አላስታወቀም።

በእኛ አስተያየት ሦስቱም ቃላት ተፈላጊ ናቸው፤ የጎደላቸው የሥራ ድርሻ ነው። ሰርጥ ለደገኛ ባዳ አይደለም፤ በሁለት ከፍታዎች መካከል ያለውን ጠባብ መተላለፊያ ያመለክታል። ስለዚህ «ሁለት ሰፋፊ ውኆችን የሚያገናኝ፣ በሁለት የብሶች መካከል ያለ ጠባብ ባሕር» የሚለው ፍቺ ለእርሱ ይጽና። ባሕረ ሰላጤ «ወደ የብስ ዘልቆ የገባ ሰፊ የባሕር ክፍል» ይሁን። ወሽመጥ ደግሞ ከሰላጤ ላነሰው፣ መርከብ ከነፋስ ለሚጠለልበት የባሕር እጥፋት ይወሰን። «ወሽመጤን ቆረጠው» በሚለው አነጋገር ያለው ትርጉሙ ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ ዐውዱ ይለየዋል።

የአገሬውን ቃል ወደ ባሕር ማሻገር እንደሚቻል ቦይ ምስክር ነው። ገበሬ ውኃ ወደ ማሳው የሚመራበት ቦይ ስዌዝን ለመሰየም ሲውል ማንም አልተደናገረም። መጠኑ ቢለያይም ጠባዩ አንድ ነውና።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ማዕበልን ይመለከታል። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት ባሕር በየዕለቱ ከፍና ዝቅ ማለቱን አንዳንድ ጽሑፎች ማዕበል ይሉታል። ማዕበል ግን በተለመደው አማርኛ የነፋስና የአውሎ ነገር፣ የሚያስፈራ ነው። የባሕሩ ከፍና ዝቅ ማለት ሰዓቱ አስቀድሞ የሚሰላ፣ መርከበኛም ወደ ወደብ ለመግባት የሚጠብቀው ነው። ደገኛው ወንዝ ሞላ፣ ወንዝ ጎደለ ይላል፤ እንግዲያው «ሙላትና ጉድለት» ብንል ቃሉም ትርጉሙም ከእጃችን አይወጣም።

ሦስተኛው ካርታ ነው። ይህ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ዛሬ የአገር ሥዕልን፣ የቦታ ይዞታ ማረጋገጫንና የመጫወቻ ወረቀትን ይሸከማል። ጫናው በዝቶበታል ብሎ የመርከበኛውን ካርታ «ሰንጠረዥ» ማለት ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ሰንጠረዥ ቁጥር በረድፍ የሚሰፈርበት ነውና። «የባሕር ካርታ» በቂ ነው፤ የባሕሩን ጥልቀት፣ የተሰወረውን ዐለትና የመብራት ማማዎችን እንደሚያሳይ በፍቺው ይገለጥ።

ጥልቀትን መለካትም ጥንቃቄ ይሻል። ለዚህ ሥራ የእንግሊዝኛው ስም «ድምፅ» ከሚለው ቃል ጋር በመልክ አንድ ስለሆነ ተርጓሚን ያስታል። ዛሬ በርግጥ መሣሪያው ድምፅ ወደ ባሕሩ ወለል ልኮ የሚመለስበትን ጊዜ ይቆጥራል። ነገር ግን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የተነገረላቸው መርከበኞች ጥልቀቱን የለኩት በገመድ ነው። ስለዚህ ስያሜው ከመሣሪያው ሳይሆን ከሥራው ይወሰድ፤ «ጥልቀት ልኬታ» ሁለቱንም ዘመን ያቅፋል።

«የመርከብ ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሠራል፤ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅትም በ2001 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የባሕር መነጋገሪያ ሐረግ በእንግሊዝኛ ነው፤ የአማርኛው ድካም ለምን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለመርከብ አዛዡ እውነት ነው። የጭነት ውል የሚያነበው ነጋዴ፣ ዜና የሚያዘጋጀው ጋዜጠኛና ጂኦግራፊ የሚያስተምረው መምህር ግን በመርከብ ላይ አይደሉም። ኤርትራ በ1993 እ.ኤ.አ. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። በምጽዋና በአሰብ በየዕለቱ ሥራ ይታረሙ የነበሩት ቃላት ዛሬ የሚታረሙት በመዝገበ ቃላት ብቻ ነው፤ ኀላፊነቱም በዚያው ልክ ከብዷል።

ቃል ካልተጠበቀ እንዴት እንደሚንሸራተት ሐይቅ ያስረዳል። በግዕዝ የባሕር ዳርቻ ማለት ነበር፤ በአማርኛ ራሱ ውኃው ሆነ። ባሕር ደግሞ ለጣናም ለቀይ ባሕርም ያገለግላል፤ ባሕር ዳር ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው። የመቻራ ሕዝብ አብዛኛው የሚናገረው ኦሮምኛ ግን ሐሮና ገላና ብሎ ሐይቁን ከባሕር ይለያል። ይህን ልዩነት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይዞ የመጣ ተማሪ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ሲደበላለቅበት ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ስለዚህ አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት ያሉትን መደልደል ይቅደም፤ ለአንድ ነገር አንድ ስም፣ ለእያንዳንዱም ስም አጭር ፍቺ ይሰጠው። ፍቺውም ወደ መዝገብ ከመግባቱ አስቀድሞ ባሕር አይቶ ለማያውቅ ተማሪ ይነበብለት። ነገሩን በጠመኔ ሥሎ ካሳየ ቃሉ ይለፍ፤ ካልቻለ ፍቺው ወደ ጠረጴዛችን ይመለስ።