መበደር ወይስ መዘርዘር? የመምህሩ ዕውቀትና የሒሳብ ማስተማሪያ ዘዴ

1. መግቢያ

የሒሳብ ትምህርት የሚፈለገውን ውጤት ሳያስገኝ ሲቀር በመጀመሪያ የሚወቀሰው የማስተማሪያው ዘዴ ነው። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የተጀመረው የ4ኛና የ8ኛ ክፍል አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና የሒሳብ አማካይ ውጤት ከ50 በመቶ በታች መሆኑን ባሳየ ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ለችግሩ መፍትሔ እየተባለ በብዛት የቀረበው የዘዴ ለውጥ ነበር። ተማሪዎች በቡድን እንዲወያዩ፣ መርጃ መሣሪያ እንዲበዛ፣ ምዘናው ተከታታይ እንዲሆን ተመክሯል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የተካሄደው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያም ለአሳታፊ ዘዴና ለትምህርት ቤት ልምምድ ሰፊ ቦታ የሰጠ ነበር።

እነዚህ ምክሮች መሠረተ ቢስ አይደሉም። ለምሳሌ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ስዌለርና ኩፐር በአልጀብራ ትምህርት ላይ ባደረጉት ጥናት ጀማሪ ተማሪዎች ተሠርተው የቀረቡ ምሳሌዎችን በማጥናት የሚያገኙት ጥቅም ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ብላክና ዊልያም የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስበው፣ መምህሩ በትምህርቱ ሂደት ውስጥ የተማሪውን አረዳድ እየመዘነ ትምህርቱን ቢያስተካክል ውጤቱ እንደሚሻሻል አስረድተዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ምክሮች አንድ ነገር እንደ ተሟላ አድርገው ይነሣሉ፤ ይኸውም መምህሩ የትኛውን ምሳሌ እንደሚመርጥና ከተማሪው ስሕተት በስተጀርባ ያለው አሳብ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ መሆኑን ነው። ይህ መነሻ በእርግጥ የተሟላ ነውን? የሊፒንግ ማ መጽሐፍ ዋጋ ያለው ይህን ጥያቄ በግልጽ በማንሣቱ ነው።

2. የመጽሐፉ ይዘት

«የመጀመሪያ ደረጃ ሒሳብን ማወቅና ማስተማር» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው ይህ መጽሐፍ በአሜሪካ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ደራሲዋ በቻይና በገጠር ትምህርት ቤት ያስተማረች፣ ኋላም በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርቷን የተከታተለች ናት። ጥናቱ 23 የአሜሪካና 72 የቻይና የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን በቃለ መጠይቅ የሰጡትን መልስ ያነጻጽራል። ጥያቄዎቹ የተዘጋጁት ቀደም ሲል በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለተካሄደ የመምህራን ትምህርት ጥናት ሲሆን አራት ርእሶችን ይመለከታሉ። እነርሱም እንደ 52 ሲቀነስ 25 ያለው የመቀነስ ስሌት፣ የባለ ብዙ አኃዝ ቁጥሮች ብዜት፣ በክፍልፋይ ማካፈል፣ እንዲሁም የዙሪያና የስፋት ግንኙነት ናቸው።

ጥያቄዎቹ ከፍ ያለ ሒሳብ የሚጠይቁ አይደሉም፤ ማንኛውም መምህር በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ የሚጽፋቸው ናቸው። በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ተማሪዎች 123ን በ645 ሲያባዙ 615፣ 492 እና 738ን አንዱን ከአንዱ ሥር እኩል አሰልፈው በመደመር 1,845 ያገኛሉ። ትክክለኛው ውጤት 79,335 ነው። መምህሩ «ሁለተኛውን መሥመር አንድ ቤት ወደ ግራ ግፉ» ብሎ ቢያዝ ስሌቱ ይስተካከላል፤ ነገር ግን 492 የተባለው ቁጥር በእውነቱ 492 ዐሥሮች፣ ማለትም 4,920 መሆኑ ሳይነገር ይታለፋል። ተማሪው የተማረው ቁጥርን ሳይሆን የአጻጻፍ ሥርዓትን ብቻ ይሆናል።

በሦስተኛው ጥያቄ ላይ መምህራኑ 1¾ን ለ½ እንዲያካፍሉና ለስሌቱ የሚስማማ የቃላት ጥያቄ እንዲፈጥሩ ተጠይቀዋል። ከ23ቱ አሜሪካውያን መካከል ስሌቱን የሞከሩት 21 ሲሆኑ ትክክለኛውን መልስ፣ ማለትም 3½ን ያገኙት 9 ብቻ ነበሩ። ከቻይናውያኑ መካከል ግን 72ቱም ስሌቱን በትክክል ሲሠሩ፣ 65ቱ ደግሞ በጠቅላላው ከ80 በላይ የቃላት ጥያቄዎችን መፍጠር ችለዋል። ከአሜሪካውያኑ ብዙዎቹ «ለግማሽ ማካፈል» እና «ለሁለት ማካፈል» የተባሉትን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ አድርገው ይወስዱ ነበር።

ይህ ስሕተት ለአማርኛ ተናጋሪም እንግዳ አይደለም። «ማካፈል» የሚለው ቃል በዕለታዊ ንግግር አንድን ነገር ለብዙ ሰዎች ማደልን ያሳስባል፤ «ለግማሽ ሰው ማደል» ደግሞ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ተማሪው ገልብጦ ማባዛትን በቃሉ ይይዝና ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይቀራል። መምህሩ ግን «1¾ ሊትር ዘይት ግማሽ ሊትር በሚይዙ ጠርሙሶች ቢቀዳ ስንት ጠርሙስ ይሞላል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሦስት ጠርሙስ ሞልቶ አራተኛው እስከ ግማሹ እንደሚደርስ ተማሪው ያለ ምንም ደንብ ሊያየው ይችላል። ሩብ ሊትር የቀረው ዘይት የጠርሙሱ ግማሽ የሆነበትን ምክንያት በማስረዳት ላይ ነው እውነተኛው ትምህርት የሚጀምረው።

3. ስለ «መበደር»

ከመጽሐፉ ለአገራችን መምህር በይበልጥ የሚጠቅመው ስለ መቀነስ የተጻፈው ምዕራፍ ነው። ከ52 ላይ 25 ሲቀነስ ከ2 ላይ 5 አይነሣም። አብዛኞቹ አሜሪካውያን መምህራን ያስረዱት በ«መበደር» ነበር፤ ማለትም 2 ከጎረቤቱ አንድ ይበደራል። አብዛኞቹ ቻይናውያን ደግሞ ከፍ ያለውን አሃድ ስለ መበተን ተናግረዋል፤ ማለትም ከ5ቱ ዐሥሮች አንዱ ወደ 10 አንዶች ይበተንና 52 የነበረው 4 ዐሥሮችና 12 አንዶች ይሆናል።

ደራሲዋ በ«መበደር» አነጋገር ላይ ያቀረበችው ትችት ብርቱ ነው። ብድር የሚመለስ ነገር ነው፤ በዚህ ስሌት ግን የሚመለስ የለም። አበዳሪና ተበዳሪ ሁለት የተለያዩ ባለቤቶች ናቸው፤ 5ና 2 ግን የአንድ ቁጥር ክፍሎች ናቸው። ከዚህም በላይ፣ «አንድ» ተብሎ የተወሰደው እንዴት «ዐሥር» ሆኖ እንደ ደረሰ ብድሩ አይገልጽም።

በአማርኛ በሚሰጠው ትምህርትም «ከጎረቤቱ አንድ ተበደር» የሚለው አነጋገር የታወቀ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ቁጥሩ ከዐሥር መሠረት ሲወጣ ነው። ከ3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ እንዲቀንስ የተጠየቀ ተማሪ እንደ ልማዱ ከሰዓቱ «አንድ ተበድሮ» ከ10 ፊት ቢጽፈው 110 ያገኛል፤ ከዚያ ላይ 40 ቀንሶ መልሱን 1 ሰዓት ከ70 ደቂቃ ያደርሰዋል። ትክክለኛው መልስ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው። ተማሪው የተሳሳተው ባለመስማቱ ሳይሆን የተነገረውን በታማኝነት በመፈጸሙ ነው።

የሚያስገርመው የተሻለው ቃል በገበያ ላይ ተዘጋጅቶ መገኘቱ ነው። ባለ 10 ብር ኖት ይዛ ሱቅ የሄደች ልጅ ብሩን «ዘርዝርልኝ» ትላለች እንጂ «አበድረኝ» አትልም። ባለ 10 ብሩ ወደ ዐሥር ባለ 1 ብር ሳንቲሞች ሲዘረዘር ገንዘቧ እንዳልጨመረና እንዳልቀነሰ፣ የተለወጠው መልኩ ብቻ እንደ ሆነ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። ቻይናውያኑ መምህራን «መበተን» ሲሉ ያሰቡት ይህንኑ ነው። አንድ ሰዓት ሲዘረዘር 60 ደቂቃ፣ አንድ ብር ሲዘረዘር 100 ሳንቲም፣ አንድ ኪሎ ሲዘረዘር 1,000 ግራም ይሆናል፤ አሳቡ ሳይለወጥ መጠኑ ብቻ ይለዋወጣል። በመደመር ጊዜ «በእጅ የሚያዘው» አንድም የዚሁ ግልባጭ ነው፤ ዝርዝሩ ተሰብስቦ ወደ ድፍን ይመለሳል።

እርግጥ ነው፣ «መዘርዘር» የሚለው ቃል በሒሳብ መጻሕፍት የስብስብን አባላት አንድ በአንድ ለመጥራትም ያገለግላል፤ ስለዚህ በላይኛው ክፍል መምህሩ ሁለቱን አገባቦች መለየት ይኖርበታል። እንዲሁም ትምህርቱ በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች በሚሰጥበት ቦታ የአማርኛውን ቃል ተርጉሞ መውሰድ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ቋንቋ በየገበያው ያለውን የራሱን ቃል መፈተሽ ይኖርበታል።

4. የመጽሐፉ ጉድለቶች

መጽሐፉ ያለ ጥንቃቄ ሊወሰድ አይገባውም። በመጀመሪያ፣ 23ና 72 መምህራን ሁለት ታላላቅ አገሮችን ሊወክሉ አይችሉም፤ የተመረጡትም በዕጣ አይደለም። በእርግጥ አሜሪካውያኑ ከአማካዩ የተሻሉ ናቸው ተብለው የተገመቱ በመሆናቸው ንጽጽሩ ሆን ተብሎ እነርሱን ለመጉዳት የተዘጋጀ ነው ሊባል አይቻልም። ቢሆንም ስለ አንድ ሕዝብ መምህራን በጅምላ ለመናገር ይህ ማስረጃ አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ጥናቱ የመምህራኑን ንግግር እንጂ የተማሪዎቹን ትምህርት አልለካም። በቃለ መጠይቅ ጥሩ ያስረዳ ሁሉ በክፍል ውስጥ ጥሩ ያስተምራል ማለት አይደለም። ይህን ክፍተት በከፊል የሞላው እ.ኤ.አ. በ2005 ሒል፣ ሮዋንና ቦል ያወጡት ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ለማስተማር የሚያስፈልገውን የሒሳብ ዕውቀት በበለጠ የያዙ መምህራን የ1ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው በዓመቱ ውስጥ የበለጠ መሻሻል አሳይተዋል። ስለዚህ የመጽሐፉ ዋና አሳብ በኋላ ከመጣ ማስረጃ ድጋፍ አግኝቷል ማለት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የዕውቀቱን ድርሻ ከአሠራሩ ድርሻ መለየት ያስቸግራል። ከቻይናውያኑ መካከል ብዙዎቹ የሚያስተምሩት ሒሳብን ብቻ ሲሆን፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በጥናት ቡድን ተሰብስበው መማሪያ መጽሐፉን ይመረምራሉ። አሜሪካዊው መምህር ግን በአብዛኛው ሁሉንም ትምህርት ብቻውን ይሸከማል። በእኛም አገር በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ በተሠራበት ዘመን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት የሚሰጥበት አሠራር ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። እንዲህ ባለው ሁኔታ ውስጥ ያለውን መምህር በዕውቀት ማነስ ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

5. ለማሠልጠኛዎችና ለዕቅድ አውጪዎች

የመምህሩ የሒሳብ ዕውቀት ያንሳል ሲባል ወዲያው የሚቀርበው አሳብ በኮሌጆች ከፍተኛ የሒሳብ ኮርሶች ይጨመሩ የሚል ነው። መጽሐፉ ይህን አሳብ አይደግፍም። ቻይናውያኑ መምህራን በአብዛኛው ዘጠኝ ዓመት ያህል ከተማሩ በኋላ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት በመምህራን ማሠልጠኛ የቆዩ ሲሆኑ፣ አሜሪካውያኑ ግን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያላቸው ነበሩ። ልዩነቱን የፈጠረው የትምህርት ዘመን ርዝመት አይደለም። በተጨማሪም ደራሲዋ ገና ያልተመረቁ ቻይናውያን እጩ መምህራንን ጠይቃ ስሌቱን በሚገባ ቢያውቁም «የመሠረታዊ ሒሳብ ጥልቅ ግንዛቤ» የምትለውን አላገኘችባቸውም። ልምድ ካላቸው መካከልም ይህ ግንዛቤ የተገኘው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው። እነርሱም ያዳበሩት በማስተማር፣ መማሪያ መጽሐፉን በመመርመር፣ ከባልደረቦችና ከተማሪዎች በመማር ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ በማሠልጠኛ ኮሌጅ የሒሳብ ይዘትና የማስተማሪያ ዘዴ ተለያይተው መሰጠታቸው ሊታሰብበት የሚገባ መሆኑ ነው። እጩ መምህሩ የ3ኛ ክፍልን መማሪያ መጽሐፍ እንደ ቀላል ነገር ሳያልፍ፣ እያንዳንዱ ርእስ ከየትኛው ተነሥቶ ወደየትኛው እንደሚያደርስ ሊመረምር ይገባል። ለምሳሌ ከቻይናውያኑ ብዙዎቹ የመቀነስን ትምህርት ቁልፍ ያዩት በትላልቅ ቁጥሮች ላይ ሳይሆን ከ20 በታች ባለው መቀነስ ላይ ነበር። ይህን የሚያውቅ መምህር የሚደክምበትን ቦታ ለይቶ ያውቃል።

ሁለተኛው ዕቅድ አውጪውን ይመለከታል። የትምህርት ቤቶች ጉድኝት ማዕከላት ለመምህራን መሰብሰቢያ ተቋቁመዋል። በስብሰባው የሚቀርበው አጀንዳ ቅጽ መሙላትና የዘዴ ስሞችን መከለስ ከሆነ የጠፋው ጊዜ አይመለስም። በምትኩ አምስት መምህራን በአንድ የተማሪ ስሕተት ላይ፣ ለምሳሌ በዚያ 1 ሰዓት ከ70 ደቂቃ ላይ፣ ተነጋግረው «ተማሪው ምን አስቦ ነው?» ብለው ቢጠይቁ የሚያስፈልገው ወጪ ጥቂት ነው። የሚያስፈልገው በመምህሩ የሥራ ሰዓት ውስጥ ለዚህ የተመደበ ጊዜ ነው፤ ጊዜውን ሊመድብ የሚችለውም ዕቅድ አውጪው እንጂ መምህሩ አይደለም።

6. ማጠቃለያ

የመጽሐፉ አራተኛ ጥያቄ ተማሪዋ «የአንድ ቅርጽ ዙሪያ ሲጨምር ስፋቱም ይጨምራል» የሚል አዲስ ግኝት ይዛ ብትመጣ መምህሩ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቃል። አባባሉ ስሕተት ነው፤ ጎኑ 4 ሜትር የሆነ ካሬ ዙሪያው 16 ሜትር፣ ስፋቱ 16 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ 10 በ1 የሆነው ሬክታንግል ዙሪያው ወደ 22 ሜትር ከፍ ብሎ ስፋቱ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ከተጠየቁት መካከል አንዳንዶቹ መጽሐፍ እንደሚያዩ ብቻ መለሱ፤ ሌሎች ጉዳዩን ራሳቸው በእርሳስና በወረቀት ፈተሹት። ከፈተሹት መካከል የተሳሳቱም ነበሩ፤ ግን ለተማሪዋ ሒሳብ እንዴት እንደሚሠራ ሊያሳዩ የሚችሉት እነርሱ ናቸው።

ጥናት የደገፋቸው ዘዴዎች ሁሉ በመጨረሻ የሚደርሱት በዚህ ሰዓት ላይ ነው። የቡድን ውይይቱ ተካሂዷል፤ መርጃ መሣሪያው ቀርቧል፤ ተማሪዋ እጇን አውጥታ አሳቧን ተናግራለች። ከዚህ በኋላ የሚሆነው መምህሩ ስለ ዙሪያና ስለ ስፋት በሚያውቀውና ለመመርመር ባለው ድፍረት ይወሰናል። ይህን ዕውቀትና ይህን ድፍረት ለመምህሩ የማያስገኝ የሥልጠና ዕቅድ፣ የዘዴዎቹ ዝርዝር ምንም ያህል ቢረዝም፣ ሥራውን እንደ ጀመረ እንጂ እንደ ፈጸመ ሊቆጠር አይገባውም።