ዕጣ የወጣላቸው

በእንጦጦ ግርጌ ያለውን የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልን ሳስብ፣ ከሐኪሞቹም በፊት ትዝ የሚሉኝ «ስትሪም» በተባለው ጥናት የተሳተፉት ሕሙማን ናቸው።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዘው ሰው ድሮ 20 ወር ገደማ መድኃኒት ይውጥ፣ ለወራትም መርፌ ይወጋ ነበር። ከ9 እስከ 11 ወር ይበቃ ይሆን? ይህን ለማወቅ በኢትዮጵያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በቬትናምና በሞንጎሊያ ለ424 ሕሙማን ዕጣ ወጣ። ማን አጭሩን፣ ማን ረጅሙን እንደሚወስድ ሐኪሙም ታማሚውም አይመርጡም። ሊያድን ለተማረ ሰው ይህ ቀላል አይደለም፤ አድልዎን የሚያስቀረው ግን ዕጣው ነው።

ታማሚው በፈቃዱ ይገባል፣ በፈለገ ጊዜም ይወጣል። ልቤን የሚነካው ይህ ነው፤ መውጣት እየቻሉ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል አክታ እየሰጡ ተመላለሱ። ቢድኑም ባይድኑም መልሱ የሚጠቅመው በአብዛኛው ከእነሱ በኋላ የሚመጣውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ውጤት ሁለቱ ሕክምናዎች ተቀራራቢ መሆናቸውን አሳየ፦ አጭሩን ከወሰዱት 78.8 በመቶ፣ ረጅሙን ከወሰዱት 79.8 በመቶ ጥሩ ውጤት አገኙ። መርፌው ግን የመስማት ችሎታን ይጎዳ ነበርና ጥናቱ በዚያ አልቆመም። ኢትዮጵያም የተሳተፈችበት ሁለተኛው ምዕራፍ መርፌውን ቤዳኩዊሊን በተባለ እንክብል ተካ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውጤትም እንክብሉ ከመርፌው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጆሮው ሳይደነቁር የሚድን ሰው ለእነዚያ ሕሙማን ባለዕዳ ነው።