ያቺ ሃርድቶፕ!

መቼም ታውቋታላችሁ። ፖርቶመጋላዋ ላይ ጀሪካን ታስሮ፣ በሯ ላይ የእርዳታ ድርጅት ዓርማ ተለጥፎ፣ ከኋላ ፊት ለፊት ተደርድረን ጉልበታችን እየተጋጨ ገጠሩን ያዞረችን ላንድክሩዘር። እሷኑ ራሷን ጀርመኖች ቤት አድርገዋታል! እኔም በጥር ብርድ ከፍራንክፈርት ተነስቼ ኖርዌይ፣ ዶቭረፌል ተራሮች ድረስ እየነዳሁ አደርኩባት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ መኪና ማውራት አቅቶኛል።

ጣሪያዋን ቆርጠው ወደ ላይ የሚነሳ፣ ጎኑ ሸራ የሆነ ሌላ ጣሪያ ገጥመውላታል። ሲነሳ ቀጥ ብሎ መቆም ነው! ላይ አልጋ፣ ታች ምድጃና መሳቢያ። ሳሎን የሚያካክሉት ትልልቅ ካምፐሮች ያምራሉ፤ አስፋልቱ ሲያልቅ ግን አብረው ያልቃሉ። ይቺ 5 ሜትር ከምናምን ናት፤ ሎው አስገብታ በረዶውን ስትወጣው ማየት ነው። ሞተሯ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፤ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። የትም አገር ያለ መካኒክ ያውቀዋል። ለሩቅ አገር በተሠራችው ላይ ደግሞ ሁለት ባለ 90 ሊትር ሰልባትዮ አለ!

ልቤን የወሰደችው ግን ማሞቂያዋ ናት። የጫማ ካርቶን የምታክል፣ ከወንበር ስር የተሸጎጠች ነገር። ናፍጣውን ከመኪናዋ ሰልባትዮ ጠብ ጠብ እያደረገች ትስባለች፤ ለቃጠሎ የሚሆናትን አየር ከውጭ ትወስዳለች፣ ጭሱንም ወደ ውጭ ትተፋለች። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ደረቅ ሙቀት ብቻ ነው። ሙሉ ኃይሏን ብትጠቀም እንኳ በሰዓት ሩብ ሊትር ገደማ! ደረቅ ማለቴ ይሰመርበት። የጋዝ ምድጃ አብርቶ የሚሞቅ ሰው አንደኛ በጭሱ የመመረዝ አደጋ አለበት፤ ሁለተኛ እንፋሎቱ ሸራው ላይ ይረጋበታል። ቡቴን ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል፤ ሲሊንደሩ ሙሉ፣ ምድጃው ጠፍቶ! እኔ ጠዋት ሸራውን ከውስጥ ከለበሰው ድርብ ጨርቅ ላይ እርጥበት ፍለጋ እጄን ብሰድ፣ ምንም! የውጭው መስታወት በበረዶ ታሽጎ፣ እኔ በካኒቴራ ቡና አፈላለሁ።

አልጋው ጠበብ ይላል፣ የኋላ ባሌስትራዋም ያንገጫግጫል፤ ዋጋዋንማ አትጠይቁኝ።

አሁን የማልመው ባሌን ነው። ሳነቴ ላይ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ፣ 4,377 ሜትሩ ጫፍ ድረስ፣ መኪና ይወጣል፤ በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ነው። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ ናፍጣው ይበዛባትና ማሞቂያዋ ጥላሸት ትቋጥራለች፤ ስለዚህ የከፍታ ማስተካከያ አስቀድሞ ይገጠምላት። እሱ ብቻ ይገጠም እንጂ፣ ጎባ ወርዶ ሆቴል የሚፈልግ ይፈልግ!