«ዝሆኔ» እና «ዘር»፤ በወላይታ ጥናት መነሻነት ስለ ሁለት ቃላት የቀረበ ሂስ

የሳይንስን ውጤት ለሕዝብ ለማስረዳት የሚተጋ ባለሙያ አስቀድሞ የሚፈተነው በቃላት ምርጫው ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በወላይታ ስለ እግር እብጠት የተካሄደው ምርምር ነው። ቀይ የሸክላ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ቅንጣቶቹ በቆዳ ዘልቀው፣ ተጋላጭ በሆነ ሰው ላይ እብጠት ያስከትላሉ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ ይከላከሉታል። ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ «ፖዶኮኒዮሲስ» ያለው «እግር» እና «አቧራ» የሚሉትን የግሪክ ቃላት አጣምሮ ነው፤ ስሙ መንስኤውን ይገልጻል።

የእኛው «ዝሆኔ» ግን የሚገልጸው መልኩን ብቻ ነው። በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣውንም እብጠት በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ስለዚህ ገበሬው ጫማ ያድርግ ወይስ አጎበር ይዘርጋ ከስሙ አይረዳም።

ሁለተኛው ችግር ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የወላይታ ጥናት፣ በተጋላጭነት ረገድ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ ከውርስ እንደሚመነጭ ገመተ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ የ194 ሕሙማንንና የ203 ጤነኞችን ናሙና መርምረው ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዘ የዘረ መል ምልክት አገኙ። እኛ ይበልጥ የምናደንቀው ቀደም ብለው ያደረጉትን ነው። ምርምሩን ለሕዝቡ እንዴት ማስረዳት እንደሚገባ ሕዝቡን ራሱን ጠየቁ፤ በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍም የውርስ ነገር መነሣቱ መገለልን እንዳያባብስ ስጋት መኖሩን ገለጹ።

ስጋቱ በአማርኛም ምክንያት አለው። «ዘር» የሚዘራው እህል ነው፤ ትውልድም ነው፤ ወገንም ነው። «የዘር በሽታ» ሲባል ሰሚው የሚረዳው ቤቱ ሁሉ እንደ ተለከፈ ነው፤ ጋብቻ ይፈርሳል፣ ታማሚ ይሸሸጋል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። መዝገበ ቃላት የምናዘጋጅ እኛም ይህን ልዩነት በሚገባ ባለማመልከታችን ከነቀፌታው አናመልጥም።

ስለዚህ «ውኃ ወለድ» በሚለው አርአያ «አፈር ወለድ ዝሆኔ» እና «ትል ወለድ ዝሆኔ» ተብለው እንዲለዩ፣ «የዘር በሽታ» ቀርቶም «የሚወረስ ተጋላጭነት» እንዲባል እናሳስባለን። የወላይትኛውን አቻ የሚመርጡት የቋንቋው ባለቤቶች ናቸው። የአማርኛውንም ቢሆን በሶዶና በአካባቢዋ የሚያስተምሩ የጤና ባለሙያዎች ከሕሙማኑ ጋር ሆነው እንዲመዝኑልን እንጠይቃለን።