«ቀኝ» ከ«ቀና» ወጣን?

«ቀኝ» የሚለውን ቃል «ቀና» ከሚለው ግስ ማውጣት ያጓጓል፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ አስተምሬያለሁ። ግእዝና ትግርኛ «የማን» ይላሉ፤ የዐረብኛው «የሚን» እና የዕብራይስጡ «ያሚን» የዚሁ ዘመዶች ናቸው። አማርኛ ግን ይህን ጥንታዊ ሴማዊ ቃል ትቶ ሌላ ይዟል። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ለቀኝም ለትክክልም በአንድ ቃል መጠቀማቸው ግምቱን ይበልጥ የታመነ ያስመስለዋል።

ቅርጹ አይከለክልም። ከ«ገዛ» «ገዢ»፣ አንዳንዴም «ገዥ» እንደሚባል ሁሉ፣ ከ«ቀና» «ቀኚ»፣ ከዚያም «ቀኝ» ሊወጣ ይችላል። ሆኖም «ኝ» የሚገኘው በዚህ መንገድ ብቻ አይደለም። የግእዙ «ቀነየ» በአማርኛ «ቃኘ» ሆኗል፤ እዚህ ድምፁን ያስገኙት «ን» እና «ይ» ናቸው። ስለዚህ ድምፁ ብቻውን ከሁለቱ ሥሮች አንዱን አይመርጥልንም። «ቀና» ራሱም አንድ ግስ አይደለም፤ ትግርኛ «ቀንዐ» (ቀጥ አለ) እና «ቀንአ» (ቀናተኛ ሆነ) ብሎ የሚለያቸውን አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲያጣ አደባልቋቸዋል።

የግምቱ ጠንካራ ማስረጃ «ቀናው» ማለት «ተሳካለት» መሆኑ ነው፤ «በቀኝ አውለኝ» ከሚለው ጸሎት ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን ዐረብኛም ከ«የሚን» ሥር በረከትን የሚያመለክት «ዩምን» የሚል ቃል አለው፤ ያ ሥር ደግሞ ቀጥ ከማለት ጋር አይገናኝም። መልካም ዕድል ከጎኑ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። በአማርኛም «ቀኝ መንገድ» በቀኝ ያለው መንገድ ነው እንጂ ቀጥ ያለው አይደለም። ቀኛዝማችም ከግራዝማች የሚበልጠው በማዕረግ ነው፤ በቅንነት የሚል አልሰማሁም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጥንዱ ነው። አማርኛ ከ«የማን» ጋር «ጸጋም»ንም ጥሎ በምትኩ «ግራ» ይዟል። ትግርኛ ሁለቱንም ጠብቋል። አንዱን ብቻ የሚያብራራ ሥርወ ቃል ግማሹን ለውጥ ትቶታል። ሶማሊኛ ግራኙን «ጉሬይ» ይላል፤ የ16ኛው ክፍለ ዘመኑ ኢማም አሕመድ በሁለቱም ቋንቋዎች የሚታወቁት በዚሁ ቅጽል ነው። የድምፅ መመሳሰል ውሰትን አያረጋግጥም፤ ጥያቄውን ግን ወደ ኩሻዊ ቋንቋዎች ያዞረዋል። የኦሮምኛው «ሚርጋ» እና የሶማሊኛው «ሚዲግ» «ቀኝ»ን አይመስሉም። ስለዚህ ፍለጋው መጀመር ያለበት አማርኛ ለረጅም ጊዜ ከተጎራበታቸው ከአገው ቋንቋዎች ነው፤ ያውም «ቀኝ»ን ከ«ግራ» ሳይነጥሉ።