በሳምንት 120 ደቂቃ ተፈጥሮ፦ የአጎቴ ሰዓት ለምን አልተቆጠረም?

«በሳምንት 120 ደቂቃ ተፈጥሮ ውስጥ አሳልፉ፣ ጤናችሁ ይሻሻላል» የሚለውን ምክር ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። እኔ አምኜው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እየወጣሁ ደቂቃ እቆጥራለሁ (መሐንዲስ ነኝ፣ መቁጠር እወዳለሁ)። ነገሩ የተበላሸብኝ ባለፈው ሐምሌ ፍኖተ ሰላም አጠገብ ካለው አጎቴ ዘንድ ስሄድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጎንበስ ብሎ በቆሎ ሲኮተኩት አገኘሁት። ምክሩን ስነግረው ቀና አለና «እኔ ታዲያ ስንት ሞላሁ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስመለስ ጥናቱን ራሱን ፈልጌ አነበብኩት።

እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ በተባለው መጽሔት የወጣ ነው። ማቲው ዋይትና ባልደረቦቹ 20 ሺህ የሚጠጉ የእንግሊዝ ነዋሪዎች የሰጡትን መልስ ተነተኑ። በሳምንቱ ውስጥ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ ውስጥ ያሳለፉት፣ ጭራሽ ካልወጡት ይልቅ ጤናቸውንና ኑሯቸውን «ጥሩ ነው» የማለት ዕድላቸው ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሥራው ጥንቃቄ ያልጎደለው ነው። ጤነኛ ሰው ስለሆነ ነው የወጣው ወይስ ስለወጣ ነው ጤነኛ የሆነው የሚለውን ጥናቱ እንደማይለይ አዘጋጆቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ስልካችን ላይ ሲደርስ ግን ይህቺ ዓረፍተ ነገር መንገድ ላይ ወድቃለች።

የእኔ ሙግት ግን ሌላ ነው፦ ምኑ ነው የተቆጠረው? መጠይቁ የሚጠይቀው ለመዝናናት ስለተደረገ ጉዞ ነው። በራስ ጓሮ ያለፈ ጊዜ እንኳ አይገባም። ደቂቃውም የተገኘው ከሳምንቱ ጉዞዎች አንዱን በዕጣ መርጦ፣ የፈጀውን ጊዜ በጉዞዎቹ ብዛት በማባዛት ነው። ለለንደን የቢሮ ሠራተኛ ያስኬዳል። እስቲ የአጎቴን ሳምንት በዚህ ቀመር አስሉት። ዜሮ! ሚዛኑ አልተበላሸም፤ የተሠራው ሌላ ነገር ለመመዘን ነው። ጥፋቱ ሳንጠይቅ ተሸክመነው የመጣነው የእኛ ነው።

በዚህ መለኪያ «ተፈጥሮ» ማለት ሄደው የሚመለሱበት ቦታ ነው። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትጓዙ የምታዩት ግን እንደዚያ አይደለም። በቆሎው፣ በርበሬው፣ ማሳ መሀል ሳይቆረጡ የቀሩት ዋንዛና ብሳና፣ ሁሉም የሰው እጅና ውሳኔ አለበት። ብሳና እርሻ ውስጥ የቆመው ለፎቶ አይደለም። ቅጠሉ እየረገፈ አፈሩን ያዳብራል፤ ጭርት ለያዘው ሰውም ሲቀቡት ኖረዋል። የዋንዛ ጣውላው ተፈላጊ ነው፣ ፍሬውን ልጆች ይለቅሙታል። አጎቴ ሁለቱን ከሩቅ ይለያቸዋል። እኔ ሥራቸው ቆሜ ተሳሳትኩ፤ ያ ሁሉ የእንጦጦ ደቂቃ እያለኝ።

እንጦጦም ቢሆን፣ «ጫካ» እያልኩ የተዝናናሁበት አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣ፣ የአውስትራሊያ ዛፍ። አየሩን አልጠላሁትም፣ አሁንም እሄዳለሁ። ግን ከከተማ ሸሽቼ የሄድኩት ከተማዋ ለማገዶዋ ወደ ተከለችው ዛፍ ነበር።

ደግሞ ገበሬውን ቅዱስ እንዳናደርገው። አጎቴን ወገቡን ያመዋል። በረዶ በጣለ ቁጥር እንቅልፍ የለውም። የመጀመሪያ ልጁ ቡሬ ፋብሪካ መቀጠር ነው የሚመኘው፣ አልፈርድበትም። ማሳ ላይ የዋለ ሰዓት ፓርክ ውስጥ እንዳለፈ ሰዓት መንፈስ ያድሳል ወይ? ያ የእንግሊዙ መጠይቅ ሊመልሰው አይችልም፣ አልጠየቀማ። ጠያቂው ከእኛ መሀል መውጣት አለበት፤ ምናልባት ከእናንተ አንዱ።

እኔ ለሙከራ ያህል አንዲት ጥያቄ ጽፌ ለቤተሰቡ አዞርኩ፦ «በራችሁ ላይ ቆማችሁ የምታዩአቸውን ዛፎች በስም ጻፉ።» አጎቴ ሲጠራ የመጨረሻ ልጁ ጻፈለት፤ 11 ሞላ። እኔ አዲስ አበባ ከተከራየሁበት ግቢ በር ላይ ቆሜ የጻፍኩት 3 ነው። አንዱ ባሕር ዛፍ ነው።